የጓዳው ድርሻ፣ የሐኪሙ ድርሻ

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ስደት ላይ ያለነው ወገኖች ግን ይህን ምሳሌ አገር ቤት ጥለነው የመጣን እንመስላለን። ደም ብዛትና ስኳር ከሆነ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ሳንፈራ እናወራለን፤ የኪኒናችንን ስም እንኳ እንለዋወጣለን። በሽታው ስሙ ያልተለመደ፣ ዛሬ ዓይን ጋርዶ ነገ እግር የሚያስር፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ የሚሆን ሲሆን ግን አፋችንን እንዘጋለን።

ዛሬ የምጽፈው እንዲህ ስላለው በሽታ ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ ሐኪሙም ሕመምተኛውም በአጭሩ ኤም ኤስ ይለዋል። እኔ አብሬው መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ብዕር ያነሣሁት ግን ሆድ ለማስባስ አይደለም። ምን እንብላ፣ እንዴት እንጹም፣ የዋሽንግተንን ሐምሌ እንዴት እንለፈው፣ መድኃኒቱንስ ምን እናድርገው የሚለውን የዕለት ጥያቄ በራሳችን ቋንቋ፣ በራሳችን ገበታ ላይ አስቀምጠን መነጋገር ስላለብን ነው። እንግሊዝኛው ብሮሹር ስለ ሳልመንና ስለ ብሮኮሊ ይነግረናል፤ ስለ ሽሮና ስለ ፍልሰታ ግን የሚነግረን የለም።

በሽታው ምንድን ነው?

የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላዩ የፕላስቲክ ልባስ እንዳለው ሁሉ በአንጎላችንና በሕብለ ሰረሰራችን፣ ከዓይናችንም ጀርባ የሚያልፉት ነርቮች ማይሊን የሚባል ልባስ አላቸው። ከተውሳክ እንዲጠብቀን የተፈጠረው የሰውነታችን መከላከያ ጌታውን እንደ ሌባ ቆጥሮ እንደሚነክስ ውሻ ዞሮ ይህን ልባስ ይቦጭቀዋል። ልባሱ በተቦጨቀበት ቦታ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። ስለዚህ አንዱ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ሌላዋ እግሯ ይከብዳታል፤ አንዱ እጁ ይደነዝዛል፤ ሌላው ሽንቱን መቆጣጠር ይቸግረዋል። ብዙዎቻችንን የሚያመሳስለን ድካም ነው። ይህ ድካም ሁለት ሥራ ሠርቶ ከሚመጣው ድካም የተለየ ነው፤ ተኝተው ቢነሡም አይለቅም፤ ከውጭም አይታይም። «ምነው፣ ደህና ትመስያለሽ» የሚለውን ቃል ኤም ኤስ ያለበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በሽታው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ፓሪስ ላይ በወጉ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት ዓመት ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 50 ባለው ዕድሜ፣ ሰው ልጅ በሚያሳድግበትና እንጀራ በሚያበስልበት ወቅት ነው። ሴቶች ከወንዶች ሦስት እጥፍ ያህል ይያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ አስልቷል።

«ይኼ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ አንቺን ከየት አገኘሽ?» ያሉኝ ወዳጆች ብዙ ናቸው። በሽታው ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች እንደሚበዛ እውነት ነው። ነገር ግን የቆዳችን ቀለም ጋሻ አይሆነንም። እ.ኤ.አ. በ1990 እንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት ከካሪቢያን፣ ከእስያና ከአፍሪካ ከመጡ ወላጆች እዚያው የተወለዱ ልጆች በሽታው ከወላጆቻቸው እጅግ በበለጠ እንደሚይዛቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በደቡብ ካሊፎርኒያ የተደረገ ጥናት ጥቁር ሴቶች ከነጭ ሴቶች ይበልጥ እንደሚያዙ አረጋገጠ። ዝነኛው ኮሜዲያን ሪቻርድ ፕራየር እንኳ ይህ በሽታ እንዳለበት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። እንግዲህ ነገሩ የኛ ብቻ ሳይሆን እዚህ የወለድናቸው ልጆች ጉዳይም ነውና በሩቁ አንየው።

እርግማንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብ መርምረው ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ ከያዘን በኋላ በኤም ኤስ የመያዝ ዕድል 32 ጊዜ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ይህ ቫይረስ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠውን ጎልማሳ የያዘ፣ በምራቅ የሚተላለፍ ተራ ነገር ነው። አብዛኛውን ሰው ሳይነካ ያልፋል፤ ጥቂቱን ግን ከዘር፣ ከፀሐይ እጥረትና ከሌላም ነገር ጋር ተደምሮ ለዚህ ይዳርገዋል። ስለዚህ «ምን ሠርታ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ኤም ኤስ ራሱ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ መብላት፣ መጎራረስም አያስፈራም።

የእናቶቻችን የጾም ገበታ

ስለ ምግብ ስንነጋገር ስሙ የማይቀር ሐኪም ሮይ ስዋንክ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ከብት እያረቡ ቅቤና ወተት በሚያዘወትሩት የመሐል አገር ገበሬዎች ላይ በሽታው ሲበዛ፣ ዓሣ በሚበሉት የባሕር ዳርቻ ሰዎች ላይ ማነሱን አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1952 ጻፈ። ከዚያም ሕመምተኞቹን ከእንስሳ የሚገኘውን ስብ በቀን ከ15 ግራም እንዳያሳልፉ መክሮ 34 ዓመት ተከታተላቸው፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1990 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ። ምክሩን በሚገባ የጠበቁት ካልጠበቁት እጅግ የተሻለ ኑሮ ኖረዋል ይላል። ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ «ጎን ለጎን የሚወዳደር ቡድን ስላልነበረው ምግቡ ነው ለማለት አይበቃም» ብለው ተከራክረውታል። ሁለቱንም ማወቅ ይበጃል።

አሁን 15 ግራሙን ወደ ጓዳችን እናምጣው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ውስጥ 7 ግራም ያህል የዚህ ዓይነት ስብ አለ። ሁለት ማንኪያ ቅቤ የቀኑን ሁሉ ጨረሰ ማለት ነው። እንግዲህ ለአንድ ዶሮ ወጥ የምናቀልጠውን፣ ክትፎው ላይ የምናፈሰውን፣ ጨጨብሳው የሚጠጣውን አስቡት!

በሌላ በኩል የጾም ገበታችንን ተመልከቱ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ክክ፣ ፎሶሊያ፣ ተልባ፣ ሱፍ። የአሜሪካ ሐኪሞች ዛሬ በአንድ ድምፅ «አትክልትና ጥራጥሬ አብዙ፣ የእንስሳ ስብና ስኳር ቀንሱ» የሚሉት እናቶቻችን ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴና በፍልሰታ ሲያቀርቡልን የኖሩትን ነው። ሃይማኖቱ የሚያዘውን የጾም ቀን ብንቆጥር ከዓመቱ እኩሌታውን ያህል ይሆናል። ይህን ሀብት እዚህ መጥተን በበርገርና በሶዳ ለውጠነዋል።

«ይህን ብትበይ ትድኛለሽ» የሚለውን ግን አትስሙ። በሽታውን የሚያድን ምግብ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለ ምግብ ከተደረጉት ጥናቶች አንዱን ብቻ ላንሣ፤ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት የስዋንክን አመጋገብ ራሷ የኤም ኤስ ሕመምተኛ ከሆነችው ከዶክተር ቴሪ ዋልስ አመጋገብ ጋር አወዳድሯል። ሁለቱም ድካምን ቀነሱ፤ አንዱ ከሌላው በልጦ አልተገኘም። የዋልስ አመጋገብ እህልንም ጥራጥሬንም ያስቀራል። ይህ ለኛ እንጀራም ሽሮም የለም ማለት ነው፤ ታዲያ ለኢትዮጵያዊ ምን ተረፈው? ጥናቱ ለኔ የነገረኝ ከአትክልትና ከጥራጥሬ ገበታዬ መሰደድ እንደማያስፈልገኝ ነው። አንዴ ከአገር መሰደድ ይበቃል።

ከልምዴ ጥቂት ልጨምር። አንደኛ፣ እንጀራ። ሲልቨር ስፕሪንግ ፌንተን ስትሪት አካባቢም ሆነ አሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት ላይ በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ሁሉ ጤፍ አይደለም፤ ስንዴና ገብስ የተቀላቀለበት አለ። ጤፍ ብረትና ጭረት ያለው እህል ነው። ይህ በሽታ አንጀትን ስለሚያዘገይ ሆድ ድርቀት የብዙዎቻችን ችግር ነውና ጥቁሩን ጤፍ እየጠየቅሁ እገዛለሁ። ተልባም እንዲሁ፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ለአንጀት መልካም ነው፤ ኦሜጋ ሦስት የሚባለው ዘይትም አለው።

ሁለተኛ፣ ቢ 12። ይህ ቫይታሚን በሥጋ፣ በዕንቁላል፣ በወተትና በዓሣ እንጂ በምስርና በጎመን ውስጥ አይገኝም። ሲጎድል ደግሞ በራሱ እጅና እግር ያደነዝዛል፣ አረማመድ ያበላሻል፤ ኤም ኤስን ይመስላል። ሁሉንም አጽዋማት የሚጾም ሕመምተኛ በየጊዜው በደም ምርመራ ይታይ፤ የጎደለውም በኪኒን ወይም በመርፌ ይሞላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ የጾሙ ሰዓት። ምግቡ ይስማማናል፤ ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋሉ ነው። ከኪኒኖቹ መካከል ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ካልተወሰዱ ሆድ የሚያቃጥሉና ፊት የሚያቀሉ አሉ። እኔ የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሕመምሽ ጾምሽ ነው፤ ምግቡን ጹሚ፣ ሰዓቱን ተይው» አሉኝ። ሙስሊም ወገኖቻችንም ቁርዓኑ በሁለተኛው ምዕራፍ ሕመምተኛንና መንገደኛን ከረመዳን ጾም እንዳሳረፈ ያውቃሉ። ጠይቁ፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ የከፈቱትን በር እኛ በይሉኝታ አንዝጋው።

አራተኛ፣ ቡና። ቡናን ተዉ የሚል ሰው በኢትዮጵያዊ ቤት ሰሚ የለውም። እኔም አልልም። ነገር ግን ቡና ሽንት ያስቸኩላል፣ ማታ ከተጠጣም እንቅልፍ ይነሣል። ስለዚህ አቦሉን እጠጣለሁ፤ ቶናውንና በረካውን በጨዋታ አሳልፋለሁ። መቼም ከቡናው የሚበልጠው ጨዋታው ነው።

አምስተኛ፣ ፌጦው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ማሩ። «ሰውነትሽን ያጠነክርልሻል» ብለው በብልቃጥ የሚያመጡልኝ ዘመዶቼን እግዚአብሔር ይስጣቸው። የኛ በሽታ ግን ዘበኛው ደክሞ የመጣ ሳይሆን ዘበኛው የገዛ ቤተሰቡን እየደበደበ የመጣ ነው። ዘበኛውን የሚያበረታ ነገር ለኛ ጥቅም ላይሆን ይችላል። ወጥ ውስጥ የገባ ነጭ ሽንኩርት ማንንም አልገደለም፤ በብዛት ተጨምቆ እንደ መድኃኒት የሚጠጣው ግን ከምንወስደው ኪኒን ጋር ጉበት ላይ ሊደራረብ ይችላልና ሐኪሙ ይወቀው።

ሙቀት፣ ፀሐይና እግር

ከምግብ ይልቅ በየቀኑ የሚፈትነን ሙቀት ነው። የሰውነት ሙቀት በትንሹ ሲጨምር የተጎዳው ነርቭ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል፤ ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይከዳል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ዊልሄልም ኡትሆፍ ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳልና ያስደነግጣል እንጂ አዲስ ጉዳት አያመጣም። የደጋ አየር ለምዶ ላደገ ሰው የዚህ አገር ሐምሌ፣ 90 ዲግሪ ፋራናይት ከወበቅ ጋር፣ እንኳን ለታመመ ለጤነኛም አይቻልም።

የማደርገው ይኸው ነው። ገበያዬን ጠዋት እጨርሳለሁ። ወጥ የምሠራው ሳይነጋ ነው፤ እንጀራ መጋገር ከሆነ በበጋ ጨርሶ ትቼዋለሁ፣ ምጣዱ ከኔ በፊት ያሸንፋልና። የቀዘቀዘ ውኃ በቦርሳዬ፣ እርጥብ ሻሽ በአንገቴ አይለይም። በረዶ የሚጨመርበት ሰደርያም አለ። አሌክሳንድሪያ ያለችው እህቴ ጋ ስሄድ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ወርጄ በቢጫው ኪንግ ስትሪት እደርሳለሁ፤ በበጋ ግን የባቡር ጣቢያውን ወበቅ ሸሽቼ በማለዳ እነሣለሁ። ሙቅ ሻወርና ሳውና የዋህ ይመስላሉ፤ ለኛ ግን አይደሉም። ለሚዋኝ ሰው የሚስማማው የመዋኛ ውኃ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ፋራናይት ያለው ነው፤ ለሽማግሌዎች ተብሎ የሚሞቀው ገንዳ ይከብዳል።

ፀሐይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናት። አዲስ አበባ በ9ኛው፣ ዋሽንግተን በ39ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ናቸው። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ክረምቱን በካፖርት፣ ሥራውን ምድር ቤት ባለ ፓርኪንግ ውስጥ እናሳልፋለን። ቫይታሚን ዲ ያነሰው ሰው በኤም ኤስ የመያዝ ዕድሉ እንደሚጨምር ብዙ ጥናት አሳይቷል። ከያዘ በኋላ መዋጡ ይጠቅማል ወይ የሚለው ግን ገና ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአሜሪካ ጥናት በመድኃኒት ላይ ከፍ ያለ መጠን መጨመር ተጨማሪ ጥቅም እንደሌለው ሲያሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የፈረንሳይ ጥናት ገና በበሽታው ደጃፍ ላይ ባሉ ሰዎች የበሽታውን እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጎደለውን መሙላት አያከራክርም። ስለዚህ በደም ተለክቶ፣ ሐኪም በሚያዘው መጠን ይወሰድ፤ ከመጠን ያለፈው ኩላሊት ይጎዳል።

ስለ እግር ደግሞ ልንገራችሁ። ቀድሞ ሐኪሞች ኤም ኤስ ያለበትን ሰው «ዕረፍ፣ አትንቀሳቀስ» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩታ ዩኒቨርሲቲ ሕመምተኞችን 15 ሳምንት የአካል እንቅስቃሴ አሠርቶ ጉልበታቸውም መንፈሳቸውም እንደተሻሻለ ካሳየ በኋላ ምክሩ ተገለበጠ። የምችል ቀን ስላይጎ ክሪክ ዳር በጥላው እራመዳለሁ፤ ሲሞቅ ወይም በረዶ ሲጥል ዊተን ያለው የገበያ አዳራሽ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። እግሬ እምቢ ያለ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ ካሴት ከፍቼ እስክስታ እመታለሁ። ትከሻ ደግሞ ለኛ ማን አስተማረን!

ከዘራ ስለ መያዝም አንድ ነገር ልበል። «ገና በዚህ ዕድሜሽ?» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያናችን መቋሚያን ያስገባችው የቆመ ሰው እንደሚደክም ስለምታውቅ ነው፤ ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ ተደግፈውት ሲያሸበሽቡ ማንም አላፈረባቸውም። መደገፍ ነውር ቢሆን ኖሮ መቋሚያ ከቅኔ ማኅሌት ባልገባ ነበር። መውደቅ እንጂ መደገፍ አይጎዳም።

ሲጋራን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋለሁ፤ በሽታውን ያፋጥነዋል፣ የሚያጨስ ያቁም። እንቅልፍን ግን እንዲህ አላልፈውም። ቀን አንድ፣ ማታ ሌላ ሥራ የያዘው ወገኔ ይህ በሽታ ካለበት ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፍለው በድካም ነው። አገር ቤት የሚጠብቁንን አውቃለሁ፤ እኔም እልካለሁ። የወደቀ ሰው ግን ምንም አይልክም።

የሐኪሙ ድርሻ

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ የጓዳው ድርሻ ነው። ድካሙን ያቀልላል፣ አንጀትን ያስተካክላል፣ ሌላ በሽታ እንዳይደረብ ይከላከላል። የነርቩን ልባስ ከመቦጨቅ የሚያስጥለው ግን መድኃኒቱ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ወገኖቻችን የሚጎዱት።

እ.ኤ.አ. እስከ 1993 ድረስ የበሽታውን አካሄድ የሚለውጥ አንድም የተፈቀደ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ አልነበረም። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው የኢንተርፌሮን መርፌ ተፈቀደ፤ በ2010 የመጀመሪያው ኪኒን መጣ፤ በ2017 ደግሞ ቀስ በቀስ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየባሰ ለሚሄደው ዓይነት የሚሆን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ተገኘ። ዛሬ ከሃያ በላይ አሉ። በሽታውን ነቅለው አያጠፉም፤ ግርሻውንና አዲሱን ጠባሳ ግን ይቀንሳሉ። በጥቁር ሕመምተኞች ላይ በሽታው ይበልጥ የመፍጠን ጠባይ አለውና ቶሎ መጀመሩ ለኛ ከማንም ይበልጥ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱን የሚያስተወን አንደኛው ነገር «ተሻለኝ» ማለት ነው። ይህ በሽታ ግን ዝም ባለበት ጊዜም ውስጥ ውስጡን ሊሠራ ይችላል፤ ሐኪሙ በየጊዜው ኤም አር አይ የሚያዘው ለዚህ ነው። ሁለተኛው «ጸበል ከገባህ መድኃኒት አትውሰድ» የሚለው የአንዳንድ ሰዎች ምክር ነው። እኔ ጸበል እጠመቃለሁ፤ እንዲያውም ቀዝቃዛ መሆኑ ለዚህ በሽታ ይስማማል። ነገር ግን አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጸበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ማስተማራቸውን እናስታውስ። ለኤች አይ ቪ የተባለው ለኤም ኤስ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። አማርኛ ጠይቁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችንን አስቀምጠን የእናቱን በሽታ ስም ለእናቱ እንዲተረጉም አናድርገው፤ ሸክሙ ለትከሻው አይሆንም።

አራተኛውና ዋነኛው መደበቅ ነው። መድኃኒቱን ፍሪጅ ውስጥ ከእንግዳ የሚሸሽግ ሰው መርፌውን በሰዓቱ አይወጋም። ዕድርተኛውና ማኅበርተኛው እንዳያውቅ የሚፈራ ሰው «ወንበር ስጡኝ» አይልም። ሲንገዳገድ ሰከረ ይሉታል፤ ከግብዣ ሲቀር ኮራ ይሉታል፤ ሲደክመው ሰነፈ ይሉታል። ሥራ ላይም ያው ነው። እ.ኤ.አ. የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሠሪው ተገቢውን ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዛል፤ የ1993ቱ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት አንድ ዓመት ለሠራና 1,250 ሰዓት ለሞላ ሰው በዓመት 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ሥራው ሳይወሰድበት እንዲያርፍ ይፈቅዳል፤ ይኸውም ሲያስፈልግ ቀን በቀን ተከፋፍሎ ሊወሰድ ይችላል። መሄድ ለከበደውም ሜትሮ አክሰስ የሚባለው መኪና ከደጁ ይወስደዋል። የራሳቸውን ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን የፈቃዱ ሕግ አይደርሳቸውም፤ ለነሱ ዕድሩና ዕቁቡ ነው ሊደርስላቸው የሚገባው። ይህ ሁሉ መብት ግን «አመመኝ» ላለ ሰው እንጂ ለደበቀ ሰው አልተጻፈም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 ሲልቪያ ሎሪ የምትባል ወጣት ሴት ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ትንሽ ማስታወቂያ አወጣች። ወንድሟ ኤም ኤስ ነበረበት፤ ከዚህ በሽታ የዳነ ሰው ካለ እንዲጽፍላት ለመነች። ከሃምሳ በላይ መልስ መጣላት። አብዛኞቹ የጻፉት እነሱም እንደሷ የዳነ ሰው የሚፈልጉ ሕመምተኞችና ቤተሰቦች ነበሩ። የዳነ ሰው ብታጣም በየቤቱ ተደብቀው የነበሩትን ሰዎች አገኘቻቸው። በዓመቱ በ1946 ዛሬ ናሽናል ኤም ኤስ ሶሳይቲ የሚባለውን ማኅበር መሠረተች፤ ዛሬ ለምንወስደው መድኃኒት መንገድ የጠረገው ምርምር በብዙው የተደገፈው በዚህ ማኅበር ነው። ሁሉም የተጀመረው በጋዜጣ ላይ በወጣች ጥቂት መስመር ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በዚህ አካባቢ ያለን ሕዝብ ብዙ ነን፤ ከመካከላችንም ይህ በሽታ ያለባቸው እንዳሉ በክሊኒኩ የመቆያ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን የምታዞረው እህት ትመሰክራለች። ጤነኞቹ ከኛ ጋ ስትመጡ ከፌጦው ብልቃጥ ይልቅ ቅቤ ያልበዛበት ወጥ ይዛችሁ ኑ፤ ግብዣ ስታዘጋጁ ከአየር ማቀዝቀዣው አጠገብ አንድ ወንበር አስቀሩልን፤ «መድኃኒቱን ተይው» የሚል ሰው ስትሰሙ ዝም አትበሉ። ሕመምተኞቹ ደግሞ ጾማችሁን ለንስሐ አባታችሁ፣ ኪኒናችሁን ለሐኪማችሁ፣ ድካማችሁን ለቤተሰባችሁ ንገሩ። ጓዳው የራሱን ይሥራ፣ ሐኪሙም የራሱን ይሥራ፤ መናገር ግን የኛው ድርሻ ነው።

ቸር ይግጠመን።